በሁለት እጅ የተቀበልሽው

ሽመላ ሐይቅ፣ ጁን 3 ቀን 2018

ለእህቴ ለቬርና፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ያ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ዘንድሮ በረዶው ከሐይቁ ላይ ዘግይቶ ነው የለቀቀው፤ ዓሣው ግን ጥሩ ነው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽ፣ ከዚያ ወዲያም ስደውል ስለማታነሺ በደብዳቤ መጣሁብሽ። ቀድደሽ ብትጥዪው እንኳ እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ዳርሊን ምን ብላ እንደነገረችሽ አላውቅም። የአክስታችን ልጅ ናት፤ ወሬ ስታቀብል ቅመም እንደምትጨምርበት አንቺም ታውቂያለሽ። «ወንድማችንን ሸጥሽው» ላልሽኝ ግን የሆነውን እንደሆነ ልንገርሽ።

ከጭስ ቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ዓሣ እየገፈፍኩ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ቅርፊት ነው። ሎሬይን ፔደርሰን መኪናዋን አቁማ መጣች፤ የከተማው የእርቅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። «ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ ክሎቲልድ» አለችና ገና ቀና ሳልል በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ትንባሆ ዘረጋችልኝ። እጄ ቀደመኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አሮጊት ከተባልኩ ወዲህ ትንባሆ ሲዘረጋልኝ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። ወግ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የመጣበትን ይናገራል፣ ከዚያ ይዘረጋል። እሷ መጀመሪያ አስጨበጠችኝ፣ ከዚያ ተናገረች።

የአባቷን አሮጌ የከብት በረት አድሰው «የእርቅ ቤት» ሊሉት ነው። ኖርበርት በሞተበት ክረምት፣ በግድ ካስገቡን አዳሪ ትምህርት ቤት ጠፍቶ እዚያ ተጠልሎ ስለነበር በስሙ እንዲጠራ ይፈልጋሉ። ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች መታሰቢያ ብርቱካናማ ካናቴራ በሚለበስበት ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ስሙን እንድሰጥ፣ ቤተሰቡም ይቅር ማለቱን እንድናገር ነው የጠየቀችኝ።

እንግዲህ ትንባሆውን ተቀብያለሁ። የተቀበሉት ትንባሆ ደግሞ አይመለስም፤ የተቀበለ የተጠየቀውን ይፈጽማል። ቫንኩቨር ካላስረሳሽ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ከዚህ ጋር የተጨሰ ዓሣ ልኬልሻለሁ። ብትበዪው ደስ ይለኛል፤ ብትጥዪውም አልሞት።

እህትሽ ክሎቲልድ


ቫንኩቨር፣ ጁን 16 ቀን 2018

እትዬ ክሎቲልድ፣

ሰላምታሽን አነበብኩት። «ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ዓሣው ጥሩ ነው።» የአዳሪ ትምህርት ቤቱ መነኩሲቶች፣ ሲስተሮቹ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስገለብጡን የነበረውን ደብዳቤ መሰለኝ። ውድ ወላጆቻችን፣ እኛ ደህና ነን፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሲስተሮቹ ይወዱናል። እኔ ያንን የገለበጥኩት በቋንቋችን በክሪኛ ስላወራሁ አፌን በሳሙና ያጠቡኝ ዕለት ነው። አንቺ ይኸው አርጅተሽም ከሰሌዳው ላይ ትገለብጫለሽ።

ዓሣውን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ፊሊፒናዊት ናት። በጣም ይጣፍጣል ብላለች።

«ተጠልሎ ስለነበር» ትያለሽ። ይቺን ቃል ሎሬይን ናት ያስጠናችሽ ወይስ የራስሽ ናት? አባቷ የወተት መኪና ነበረው። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ወተት ያደርሳል፤ መንገድ ላይ የጠፋ ልጅ ካገኘ ከወተት ጣሳዎቹ ጋር ጭኖ ይመልሳል። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ኖርበርት ከዚያ በረት አመለጠው እንጂ እሱንም ሊመልሰው ነበር። ወንድሜ የሐይቁ በረዶ ላይ የቀረው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ሞተ፣ ግን ማንም አልያዘውም። ይህ ቤተሰብ ያለው አንድ ኩራት ይህ ነው፤ አንቺ ደግሞ ወስደሽ የፔደርሰን በረት በር ላይ ልትለጥፊው ነው።

ይቅርታውንስ ማንን አስፈቅደሽ ነው? «ቤተሰቡ» ስትይ እኮ እኔና አንቺ ብቻ ነን የቀረነው። እኔን አልጠየቅሽኝም። ለመሆኑ ስንት ከፈሉሽ?

ትንባሆውን መልሺላት። መሄድ ካቃተሽ በፖስታ ላኪው።

ቬርና


ሽመላ ሐይቅ፣ ጁን 30 ቀን 2018

ቬርና፣

ሰላምታ ካላስፈለገሽ ይቅርብሽ።

ከፈሉሽ ወይ ላልሽው፣ አልከፈሉኝም። ለጉባኤ ስጠራ የሚሰጡኝ ሻይና አንድ ቁራሽ ኬክ ነው፤ ኬኩም ደረቅ ነው።

መልሺላት ላልሽው፣ አባባን ረሳሽው እንዴ? የማያውቀው ሰው አንድ ጭብጥ ትንባሆ ስላስጨበጠው ብቻ የሰውዬውን ልጅ ፍለጋ በስስ በረዶ ላይ ሄዶ የእግሩን ጣቶች እዚያው ጥሎ አልመጣም? እማማ ስትጮህበት «ተቀብያለሁ» ነው ያላት፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። የሱ ልጅ ሆኜ በፖስታ አልመልስም።

የማን ልጅ እንደሆነች አሳምሬ አውቃለሁ። ከሩቅ ሆኖ መናደድ ቀላል ነው፣ ቬርና። እኔ ሎሬይንን ፖስታ ቤት አገኛታለሁ፣ መድኃኒት ቤት አገኛታለሁ፣ ቀብር ላይ አገኛታለሁ። አንቺ እዚያ ዝናብ ውስጥ ተቀምጠሽ በዓመት አንዴ ካናቴራ ትለብሻለሽ። እኔ እዚህ እኖራለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለዳርሊን እንዳትነግሪ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የድርቆሽ ማሳ የሎሬይን ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አባቷ ገዝቶት፣ የእንጨት መስቀሎቹን ነቅሎ ሣር ዘራበት። ልጆቹ እዚያ ናቸው። ኖርበርትም እዚያ ነው። የኛ የክሪዎች ምክር ቤት ስንት ጊዜ ጠየቀ፤ የግል መሬት ነው እየተባለ ተመለሰ። በየበጋው አጥሩ ጋ ቆሜ ትራክተር ሲሄድባቸው አያለሁ። በቃኝ። በረቷን ትሰይም፣ ቃሌን ትውሰድ፣ ብቻ ማሳውን ትስጠን። ይህን ለሷ ገና አልነገርኳትም፤ ሴፕቴምበር ላይ ካስደሰትኳት በኋላ ልጠይቃት ነው ሐሳቤ።

ክሎቲልድ


ቫንኩቨር፣ ጁላይ 14 ቀን 2018

እትዬ፣

ስለዚህ ኖርበርትን ለመግዛት ኖርበርትን ትሸጫለሽ። ታዲያ ዳርሊን ምን ዋሸች?

ደግሞ እሱ ማሳው ውስጥ የለም። ሐይቁ ውስጥ ነው። እንደዚያ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ፤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሲስተሯ እንዳትሰማ በጆሮዬ። «አመለጣቸው፣ ሐይቁ ጋ ደርሷል» አልሽኝ። አሁን ከየት አምጥተሽ ነው ማሳ ውስጥ የከተትሽው? ማን ነገረሽ? ይህን ሳትመልሺ ሌላ ወሬ እንዳትጽፊልኝ።

ስለ ትንባሆው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኛን ብቻ ነው የሚያስረው? ሎሬይንና ጓደኞቿ አንድ ቅዳሜ ሥልጠና ገብተው፣ ሳንድዊች በልተው፣ «ለሽማግሌዎቻቸው ትንባሆ ስጡ፣ እምቢ አይሏችሁም» የሚለውን ተምረው ወጡ። መሬታችንን ወሰዱ፣ ቋንቋችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ እምቢ የምንልበትን አፍ በገዛ ወጋችን ዘጉት። አንቺም በሁለት እጅሽ ተቀበልሽ።

እስቲ ወንድ ከሆንሽ አንቺ ዘርጊላት። ፒያኖዋ ላይ አስቀምጣ ለእንግዳ የምታሳየው ጌጥ ይመስላታል። እስቲ እሷም ትታሰርና ትየው።

ቬርና


ሽመላ ሐይቅ፣ ኦገስት 26 ቀን 2018

ቬርና፣

ዘረጋሁላት።

በንዴት የጻፍሽውን አንብቤ ሦስት ቀን ተሳደብኩ፤ በአራተኛው ዳርሊን በመኪናዋ አደረሰችኝ። ለምን እንደምሄድ አልነገርኳትም፣ በዚያ እስካሁን ታኩርፋለች። ሎሬይን በሩን ከፈተች። ዘረጋሁላት። እሷም እንዳስተማሯት በሁለት እጇ ተቀበለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምን ያህል እንዳከበሩኝ አያውቁም» አለችኝ። ከዚያ ፒያኖው ላይ፣ የአባቷ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። ፒያኖ እንዳላት በምን እንዳወቅሽ እንጃ።

«አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ» አልኳት። «ማሳውን ስጪን።»

«የቱን ማሳ?»

«ልጆቹ ያሉበትን።»

ፊቷን ብታዪው። «ወይዘሮ ክሎቲልድ፣ ይኼ እኮ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሜ አለ፣ ጠበቃ አለ። የዘንድሮው ድርቆሽ ደግሞ ተሸጧል።»

«ትንባሆውን ተቀብለሻል።»

«እኔ እኮ ስጦታ መስሎኝ ነው።»

«እኔም ዓሣ እየገፈፍኩ ነበር» አልኳትና ወጣሁ።

ብዙ ሳትቆይ ትንባሆውን በላስቲክ ከረጢት ይዛ በረንዳዬ ላይ ቆመች። ዘረጋችው። እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«እባክዎ ይውሰዱልኝ። ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ።»

«መመለስ የሚቻል ቢሆንማ ያንቺንም ያን ዕለት እመልስልሽ ነበር። እኔስ እንቅልፍ ያለኝ ይመስልሻል?»

«አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም» አለች ያኔ። «ልጁን አሙቆታል። እንቁላል ቀቅሎ አብልቶታል። ጠዋት ሲነሳ ልጁ ሄዷል። እስኪሞት ድረስ ሲያነሳው እንባው ይመጣ ነበር።»

«ማብላቱንስ አብልቶታል። ሁለት እንቁላል፣ በጨው። ኖርበርት ነግሮኛል።»

«መቼ ነው የነገረዎት?»

«አባትሽ ከመለሰው በኋላ» አልኳት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ተነሺ አላልኳት፣ ሻይም አላቀረብኩላት።

አሁን አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ። ማን ነገረሽ ብለሻል። ማንም አልነገረኝም። ምድር ቤት፣ ድንች የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። እኔ የወጥ ቤት ተረኛ ነበርኩ፤ ድንች ላምጣ እያልኩ እወርድና በሩ ሳንቃ ላይ ጆሮዬን እደግናለሁ። በጣም ያስለው ነበር። ስለ እንቁላሉ ነገረኝ፤ ጨውም አደረገልኝ አለ፣ ደስ ብሎት። «ቬርና ታለቅሳለች?» አለኝ። አታለቅስም አልኩት። አንድ ጠዋት ስወርድ በሩ ተከፍቷል፣ ወለሉም ታጥቧል። ከልብስ ማጠቢያው መስኮት ሆኜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ መስቀሎቹ ወዳሉበት ሲወስዱት አይቻለሁ።

አንቺ ያን ሰሞን ምግብ አልበላም ብለሽ ነበር። ሰባት ዓመትሽ ነው፤ እጅሽ ቀጥኖ ዱላ አክሏል። አመለጣቸው አልኩሽ። በላሽ። በዚህ አልጸጸትም፣ ብትሰድቢኝም አልጸጸትም።

ሎሬይን ባለፈው ሰኞ ማሳውን ለኛ ምክር ቤት ፈርማ አስረክባለች። ወንድሟ አይናገራትም። ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ እኔ እቆማለሁ። እሷ ታስራ ከፈጸመች እኔ ወዴት እሸሻለሁ?

ክሎቲልድ


ቫንኩቨር፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2018

ክሎቲልድ፣

ዳርሊን ቪዲዮውን ላከችልኝ። አላይም ብዬ አየሁት።

ያን ሁሉ ብርቱካናማ ካናቴራ አየሁ። ከንቲባው የኛን ሰላምታ ከወረቀት ላይ ሲያነብ ምላሱ ሲተሳሰርበት አየሁ። ሎሬይን ከፊት ተቀምጣ ጉልበቷን ስትመለከት አየሁ። አንቺ ድምፅ ማጉያውን ያዝሽ። ከዚያ «በእኔ ላይ የተደረገውን ይቅር ብያለሁ። የእህቴን እህቴ ታውቃለች። የኖርበርትን እሱን ጠይቁት፣ ማሳው ውስጥ ነው» አልሽ። አጨበጨቡ። ምን እንደተባሉ ሳይገባቸው አጨበጨቡልሽ። እዚያ ያሉት የኛ ሰዎች አላጨበጨቡም፤ እነሱ ገብቷቸዋል።

ደህና ተናገረች ብዬ እንዳመሰግንሽ የምትጠብቂ ከሆነ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ስሙን ከበሩ በላይ አይቼዋለሁ። በትልቁ፣ በነጭ ቀለም። የተያዘበት በር ነው።

ስለ ሌላው ነገር ብዙ አልጽፍም። በየገናው እኔ ቤት ትመጪ ነበር። ለልጆቼ አጎታችሁ እኮ ከሲስተሮቹ ያመለጠ ጀግና ነው እያልኩ ሳወራ አጠገቤ ተቀምጠሽ ሻይሽን ትጠጪ ነበር። ልጁ ሲስል ሰምተሽዋል፣ ከዚያ መጥተሽ ኬኬን በላሽ።

ለሰባት ዓመት ልጅ መዋሸትሽን ተረድቼልሻለሁ። ለስልሳ ዓመት ሴት መዋሸትሽን ግን አልረዳልሽም። የሎሬይን አባትም እኮ ለልጁ ያንኑ ውሸት ነው የነገራት። ከሱ በምን ትሻያለሽ?

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ቬርና


ሽመላ ሐይቅ፣ ጁን 2 ቀን 2019

ቬርና፣

አትጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር። ጻፍኩ።

በረዶው እንደቀለጠ ማሳውን ከፈቱት። በመጀመሪያ መሬት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ እንደ ሣር ማጨጃ እየገፉ ሄዱ፤ ከዚያ በማንኪያና በብሩሽ ነው የቆፈሩት። ከዳር ሆነን እሳት አንድደን ጠበቅን። ስንት እንደሆኑ አልነግርሽም፤ በሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል። ሬዲዮው ያላለውን ልንገርሽ፤ ትናንሾቹን ሁለት ሁለት አድርገው ነው የቀበሯቸው።

ሎሬይን በየቀኑ ትመጣለች። ከአጥሩ ውጪ ትቆማለች። ግቢ ያላት ሰው የለም፣ ሂጂም ያላት የለም። እኔ አንድ ቀን ወንበር ወሰድኩላት፤ ወገቧ እንደኔ ነው። በዚህም ስደቢኝ።

ጥግ ላይ የተገኘ አንድ ወንድ ልጅ አለ። ዕድሜው ይገጥማል። የኔን የምራቅ ናሙና ወስደው ዘመድ መሆኑን አይተዋል፤ ግን እዚያ የአጎታችን ልጆችም ስላሉ ሌላ እህት ካለች ያለ ጥርጥር እንለየዋለን አሉን። ሌላ እህት አንቺ ብቻ ነሽ። በፖስታው ውስጥ ጉንጭ ውስጥ የሚታሽ ጥጥና ብልቃጥ አለ። አጠቃቀሙ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል።

እሱ ከሆነ ከእማማ አጠገብ እንቀብረዋለን፤ አባባም እዚያው ነው። እሱ ካልሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ወንድም ነው፣ የሚጠብቀው ሰው አለ።

ዳርሊን ትንባሆ አብረሽ ካልላክሽ እሺ አትልሽም አለችኝ። አልላክሁም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሎሬይንን ሲያስር አይቻለሁ፤ አንቺን ማሰር አልፈልግም። እምቢ ማለት ትችያለሽ።

ክሎቲልድ


ቫንኩቨር፣ ጁን 19 ቀን 2019

ክሎቲልድ፣

ጥጡን ሳልነካው መልሼ ልኬልሻለሁ። ወንድሜን በፖስታ አልለይም። ናሙና ከፈለጉ እኔው ልምጣና ፊት ለፊት ይውሰዱት፤ አፌን ስከፍት ማን እንደሆንኩም ይዩኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በአውቶቡስ እደርሳለሁ። ዳርሊንን ይዘሽ እንዳትመጪ። በበረቱ በኩል እንዳትወስጂኝ፣ ረጅሙ መንገድ ይሻላል። ስወርድ እንዳታቅፊኝ። ከሎሬይን ታርቀሽ ከሆነ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ካንቺ ጋር አልታረቅሁም፤ ጉልበቴ ደህና ነው ወይ ብለሽም እንዳትጠይቂኝ።

ለልጆቼ ነገርኳቸው። የመጨረሻው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ጢሙን እየፈተለ ተቀምጦ «ታዲያ አላመለጠም?» አለኝ። አላመለጠም አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያኔ ገና ሞተብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ፈለግሁት፣ የለም። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ልክ ብትሆኚም አንቺ ነሽ።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚኝ። እሱ ከሆነና ከሰጡን፣ ሣጥኑን መጀመሪያ የምይዘው እኔ ነኝ። አንቺ ቢያንስ በበሩ ሳንቃ አናግረሽዋል። አታለቅስም ብለሽውም ዋሽተሽዋል። ከማሳው እስከ መቃብሩ ድረስ እኔ እይዘዋለሁ፣ ሳለቅስም እሱ ይሰማኛል፤ አንቺ ከኋላ ትመጫለሽ።

ቬርና